ስክሮል ሶው ልትጀምሩ ነው? መጀመሪያ ቀዳዳዎቹን ቁጠሩ

ስክሮል ሶው፣ ማለትም ቀጭን ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ እንጨት የሚቆርጥ የመጋዝ ማሽን፣ መግዛት የፈለገ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛው ማሽን ይሻላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ልክ ነው፤ ትንሽ ቸኮለ እንጂ። ከእሱ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ አለ፦ ልትሠሩት ያሰባችሁት ዕቃ መሃሉ ላይ ስንት ቀዳዳ ይኖረዋል?

ነገሩ ወዲህ ነው። የስክሮል ሶው ምላጭ ቀጭን ነው። ዙሪያውን ይቆርጣል፤ የእንጨቱን ዳር ሳይነካም መሃሉን ፈልፍሎ ያወጣል። መሃሉን ለማውጣት ግን እያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ መጀመሪያ በድሪል ትበሳላችሁ። ምላጩን በአንድ ጫፉ ትፈቱታላችሁ። በተበሳው ታሾልኩታላችሁ። መልሳችሁ ታስሩታላችሁ፤ ትወጥሩታላችሁ። የልጆች ፐዝል ላይ ይህ ጣጣ የለም። እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ የግድግዳ ጌጥ ላይ ግን መቶ ጊዜ ሊደጋገም ይችላል።

ማሽኑንም፣ ምላጩንም፣ መጨረሻ ላይ የሚቀባውን ቅብ ሳይቀር የሚወስነው ይኸው ቁጥር ነው ባይ ነኝ። ከታች ያሉትን አማራጮች የማወዳድረውም በአብዛኛው በእሱ ነው።

ማሽን የግድ ነው?

አይደለም። ስሜቱን ለመሞከር ያህል የእጅ ፍሬት ሶው ይበቃል። ጥልቅ የሆነ የዩ ቅርጽ ያለው ክፈፍ፣ መያዣ፣ ቀጭን ምላጭ፤ በቃ። ምላጩ 13 ሴንቲሜትር ግድም ነው፤ ማሽኑ የሚጠቀመውም ይህንኑ መጠን ነው። የቪ ቅርጽ የተቆረጠባት ትንሽ ጣውላ ጠረጴዛው ዳር ላይ በሞርሳ ታስራላችሁ። እንጨቱን እሷ ላይ አስተኝታችሁ ምላጩን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ትስባላችሁ። ጥርሶቹ ወደ ታች፣ ማለትም ወደ መያዣው ይዩ፤ የሚቆርጠው ወደ ታች ሲሳብ ነው። ድምፅ የለውም፤ ብናኙም ትንሽ ነው። ከ6 ሚሊሜትር በላይ ውፍረት ላይ ግን እጅ ይዝላል፤ የተቆረጠውም ጎን ቀጥ ብሎ አይወርድም።

ጂግሶ (በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መጋዝ) ያለው ሰው «ይኸው አለኝ» ሊል ይችላል። አይተካም። ምላጩ ወፍራም ነው፤ ጠባብ ኩርባ ላይ መዞር አይችልም። አብዛኛው የጂግሶ ምላጭ ወደ ላይ ሲወጣ ስለሚቆርጥ የላይኛውን ገጽ ይቦጫጭቃል። ትልቅ ሰሌዳን ለስክሮል ሶው በሚመች መጠን ለመከፋፈል ግን ሁነኛ ረዳት ነው።

ሌዘር መቁረጫስ? መቶ ቀዳዳም ይሁን ሺህ ግድ አይሰጠውም። አንድ ዓይነት ዕቃ አብዝቶ ለመሸጥ ላሰበ ሰው ከስክሮል ሶው በብዙ ይሻላል። ጠርዙን ግን ያከስላል፤ ወፍራም እንጨት ላይም አቅሙ ይወሰናል። ከሁሉም በላይ ሥራው ኮምፒውተር ላይ መንደፍ ነው። እጃችሁ መስመር ተከትሎ እንዲሄድ ከፈለጋችሁ ሌዘር የሚሰጣችሁ ሌላ ሆቢ ነው።

ማሽኑ ላይ ምን ይታያል?

አንደኛ፣ የምላጩ ጫፍ። ሁለት ዓይነት ምላጭ አለ። አንዱ በሁለቱም ጫፎቹ ትንሽ አግዳሚ ፒን አለው። ሌላው ጫፉ ልሙጥ ነው፤ በብሎን ተጨብጦ ይያዛል። ፒን ያለውን መቀየር ቀላል ነው፤ መንጠቆው ላይ ጣል ማድረግ ብቻ። ችግሩ ፒኑም በቀዳዳው ማለፍ አለበት። ስለዚህ 5 ሚሊሜትር ግድም ስፋት ያለው ቀዳዳ መብሳት ግድ ይላል። የቅጠል ሥር ወይም የፊደል ጠባብ ሆድ ይህን ያህል ቦታ ላይኖረው ይችላል። ልሙጡ ምላጭ ቀጭን ከሆነ በ1 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይሾልካል። በዚያ ላይ ለረቂቅ ሥራ የሚሆኑት ቀጫጭን ምላጮች የሚሠሩት ልሙጥ ሆነው ነው።

ስለዚህ ፒን ያለውን ብቻ የሚቀበል ማሽን አትግዙ። ሁለቱንም የሚቀበል ከሆነ እዳው ገብስ ነው። ፐዝልና መጫወቻ ብቻ ነው የምሠራው የሚል ሰው ግን በፒኑም ደስ ብሎት ሊሠራ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ማሰሪያው። ብዙ ሰው የማያየው፣ እኔ ግን ከሁሉ የማስቀድመው ይህን ነው። አንዳንዱ ማሽን ምላጩን ለመፍታት የአለን ቁልፍ ይፈልጋል። ሌላው በጣት የሚዞር ጉብታና የሚገለበጥ የመወጠሪያ ማንሻ አለው። ሂሳቡን ሥሩት። 80 ቀዳዳ ያለው ንድፍ ላይ አንዱ መቀየር 1 ደቂቃ ቢፈጅ ለመፍታትና ለማሰር ብቻ 80 ደቂቃ ይሄዳል። 15 ሰከንድ ቢፈጅ 20 ደቂቃ ነው። ልዩነቱ አንድ ሙሉ ሰዓት ሆነ ማለት ነው፤ ለአንድ ዕቃ ብቻ። የላይኛው ክንድ ወደ ላይ የሚነሳ ማሽን ደግሞ ይበልጥ ይመቻል። ምላጩ ከታች እንደታሰረ ይቆያል፤ እንጨቱን ከላይ አምጥታችሁ በቀዳዳው ታወርዱበታላችሁ።

ሦስተኛ፣ ክንዱ። በገበያ ላይ ሦስት ዓይነት አሠራር ይገኛል። ትይዩ ክንድ ያለው ላይ የላይኛውና የታችኛው ክንድ አብረው ስለሚወጡና ስለሚወርዱ ምላጩ ቀጥ ብሎ ለመሄድ ይቀርባል። በጀርመኑ ሄግነር የሚታወቀው ይህ ነው። የሲ ቅርጽ ያለው አንድ ወጥ ክንድ ምላጩን በትንሽ ቅስት ያወዛውዘዋል። ፈጥኖ ይቆርጣል፤ ወፍራም እንጨት ላይ ደህና ነው፤ ረቂቅ ማዕዘን ላይ ግን መልመድ ይፈልጋል። ሦስተኛው በአጫጭር ማያያዣዎች የሚሠራው ድርብ ትይዩ ነው። የሚወዛወዘው ክብደት ትንሽ ስለሆነ ንዝረቱም ይቀንሳል። ዲዎልት ዲደብሊው 788 የዚህ ዓይነት ነው። ቀዳዳ ለሚያበዛ ሰው ከሦስቱ ይህኛውን ወይም ትይዩ ክንዱን እመርጣለሁ።

የጉሮሮው ጥልቀት፣ ማለትም ከምላጩ እስከ ኋላ ያለው ርቀት፣ ማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ነው። 16 ኢንች 40 ሴንቲሜትር ግድም ነው፤ 20 ኢንች 50 ሴንቲሜትር። ዕቃችሁ ከዚህ ካልበለጠ በፈለጋችሁት አቅጣጫ እንደልብ ይዞራል። አብዛኛው የሆቢ ሥራ ከ30 ሴንቲሜትር አይበልጥም። ስለዚህ ለጉሮሮ ብቻ ብላችሁ ገንዘብ አትጨምሩ።

ፍጥነቱ ግን የሚስተካከል ይሁን። ብዙዎቹ በደቂቃ ከ400 እስከ 1,800 ምት ባለው ክልል ውስጥ ይሠራሉ። ቀጭን እንጨትና ረቂቅ ኩርባ ዝግ ያለ ፍጥነት ይፈልጋል። ፕላስቲክም እንደዚያው፤ ፍጥነት ሲበዛ ቀልጦ ከኋላችሁ መልሶ ይጣበቃል።

ጠረጴዛውን ወይም ክንዱን ማዘንበል የሚጠቅመው ከአንድ ጣውላ ቀለበት ቀለበት ቆርጦ ጎድጓዳ ሳህን ለሚሠራና አንዱን እንጨት ሌላው ውስጥ ለሚገጥም ሰው ነው። እንደ ኤክስካሊበር ባሉት ማሽኖች ላይ የሚያዘነብለው ጠረጴዛው ሳይሆን ክንዱ ነው። እንጨታችሁ ስለማይንሸራተት ለዚህ ሥራ ምርጥ ነው። የማትሠሩት ከሆነ እርሱት።

አሮጌ ማሽን ለመግዛት ካያችሁ አስነሱትና ሳንቲም በጠርዙ ጠረጴዛው ላይ አቁሙ። ከቆመ ጥሩ ነው። ከወደቀ መጀመሪያ መቆሚያውን አጥብቁ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማሽኑ ሳይሆን የቆመበት ነገር ነው። ከዚያ አጥፉትና ክንዱን በእጃችሁ ወደ ግራና ቀኝ ነቅንቁት። ኳ ኳ ካለ ኩሽኔታው አልቋል።

ለተጨማሪ ዕቃ ገንዘብ ከተረፈ የእግር ማብሪያ ማጥፊያ ግዙ። ሁለቱም እጆቻችሁ እንጨቱ ላይ እንዳሉ ማሽኑ ይቆማል። ከእሱ ቀጥሎ ጥሩ መብራት። ጭንብል ግን ተጨማሪ ተብሎ የሚቆጠር አይደለም። ጥቃቅኖቹ ጥርሶች የሚያወጡት ሰጋቱራ በጣም የላመ ነው። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች ጋር መድቦታል። በማሽኑ ላይ ያለው ትንሽ የአየር ቱቦ መስመሩን ያጸዳላችኋል እንጂ አየሩን አያጸዳም፤ እንዲያውም ብናኙን ወደ ፊታችሁ ይበትነዋል።

ምላጭ፦ ቁጥሩ፣ ጥርሱ፣ ውጥረቱ

እዚህ ላይ እንቆይ። መካከለኛ ማሽን በጥሩ ምላጭ ዓይን የሚሞላ ሥራ ይሠራል። ውድ ማሽን በመናኛ ምላጭ መስመር ይስታል።

ልሙጥ ምላጮች በቁጥር ይጠራሉ። ቁጥሩ ሲያድግ ምላጩ ይሰፋል፤ ይወፍራል፤ ጥርሱም ይራራቃል። ከታች 2/0 አለ፤ ከዚያ 0፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9 እያለ 12 ይደርሳል። ቁጥር 5 ስፋቱ 1 ሚሊሜትር ግድም፣ ውፍረቱ 0.4 ሚሊሜትር ግድም ነው። 2/0 የዚያን ግማሽ ትንሽ ቢያልፍ ነው።

መነሻ የሚሆን መደብ ልስጣችሁ። እስከ 3 ሚሊሜትር ላለ ቀጭን ኮምፔንሳቶ 2/0 ወይም 1። ለ6 ሚሊሜትር 2 ወይም 3። ለ20 ሚሊሜትር ግድም ጣውላ 5። ከዚያ በላይ እስከ 50 ሚሊሜትር፣ በተለይም ጠንካራ እንጨት፣ 7 እና 9። እንጨቱ ለስላሳ ከሆነ አንድ ቁጥር ወደ ታች መውረድ ይቻላል። በማንኛውም ጊዜ ቢያንስ ሦስት ጥርስ እንጨቱ ውስጥ መሆን አለበት፤ ካነሰ ምላጩ እንጨቱን እየነጠቀ ያዘልለዋል።

ቀዳዳውን አትርሱ። ለቁጥር 5 የ1.5 ሚሊሜትር ፑንታ ይበቃል። ለ2/0 1 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች። ፑንታው ከምላጩ እጅግ ከሰፋ የመነሻው ክብ ጠባሳ በሥራው ላይ ይቀራል። በተቻለ መጠን ከመስመሩ ጎን ሳይሆን ከሚወድቀው ቁራጭ መሃል ብሱ።

የጥርሱ አደራደር ነገር ደግሞ አለ። አንድ ጥርስ እየዘለለ የሚሄደው ዓይነት ሰጋቱራውን በደንብ ያወጣል፤ አይግልም፤ ለጀማሪም ይመቻል። ሁለት ጥርስ ተከታትሎ ከዚያ ክፍተት ያለው ድርብ ጥርስ ዝግ ይላል፤ የተቆረጠውን ጎን ግን ያለሰልሰዋል። የታችኞቹ ጥቂት ጥርሶች ወደ ላይ የዞሩበት ምላጭ ደግሞ አለ። እሱ የተፈጠረው ለቀዳዳ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። ተራ ምላጭ ወደ ታች ሲቆርጥ ከኮምፔንሳቶው ሥር ቃጫውን ገንጥሎ ፀጉር የመሰለ ነገር ይተዋል። ወደ ላይ የዞሩት ጥርሶች ያንን ከሥር ይልጡታል። 80 ቀዳዳ ውስጥ እየገባችሁ በብርጭቆ ወረቀት ከማጽዳት ያድናችኋል። አንድ ሁኔታ ግን አለ፦ ምላጩ ወደ ላይ ጫፍ ሲደርስ ወደ ላይ ከዞሩት ጥርሶች ሁለት ሦስቱ ከጠረጴዛው በላይ መታየት አለባቸው። ካልታዩ እንጨቱን አይነኩትም፤ ምላጩን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ እሰሩ።

ዘውድ የሚባለው ዓይነት በሁለቱም አቅጣጫ ይቆርጣል፤ ተገልብጦም ቢታሰር ያው ነው። ቆንጆ ሐሳብ ነው፤ አቆራረጡ ግን ዝግ ይላል።

ጠመዝማዛው ምላጭ ሁሌ ያከራክራል። ዙሪያውን ጥርስ ስለሆነ እንጨቱን ሳታዞሩ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን ይቆርጣል። ከጉሮሮው የሚበልጥ ረጅም ሰሌዳ ላይ ስም ለመፈልፈል ወይም የሰው ፊት ለመሥራት መላ ነው። ነገር ግን የሚተወው ስንጥቅ ሰፊ፣ ጎኑም ሻካራ ነው። ቀጥ ያለ መስመር ላይ ይወላገዳል፤ ሹል ማዕዘንም ያደበዝዛል። ጀማሪ እንጨት ማዞር ስለከበደው ብቻ ወደዚህ ባይሮጥ ይሻላል። ማዞሩ በልምምድ ይመጣል፤ ሻካራ ጎን ግን በልምምድ ብዙም አይለሰልስም።

አዲስ ሰውን ግራ የሚያጋባ አንድ ጠባይ አለ። ምላጩ መስመሩን ይዞ ከመሄድ ይልቅ ወደ አንድ ጎን፣ ብዙውን ጊዜ ወደ ቀኝ ይሳባል። ጥፋቱ የእናንተ እንዳይመስላችሁ። ምላጩ ሲሠራ በአንድ ጎኑ ላይ ትንሽ ሻካራ ጠርዝ ይቀራል፤ በዚያ በኩል ይበልጥ ይቆርጣል። መፍትሔው ጠረጴዛው ፊት ቀጥ ብሎ ከመግፋት ይልቅ እንጨቱን ጥቂት ዲግሪ አዙሮ መግፋት ነው። ትንሽ ከሠራችሁ በኋላ እጃችሁ ራሱ ያደርገዋል። ጥርሳቸው በድንጋይ የተሞረደ ምላጮች ላይ ይህ ጠባይ ያነሰ ነው። ስለታቸውም ኃይለኛ ነው፤ ስለዚህ ዝግ ባለ ፍጥነት ጀምሩባቸው።

አሁን ምላጭ እንሰር። ጥርሶቹ ወደ ፊትና ወደ ታች ይሁኑ። በዓይን ካልታያችሁ ጣታችሁን በቀስታ ከታች ወደ ላይ አስኪዱት፤ ሲይዛችሁ ልክ ነው። ጫፎቹን በብርጭቆ ወረቀት አንድ ጊዜ ፈተግ አድርጉ፤ ከፋብሪካ የመጣ ዘይት ስላለባቸው ከማሰሪያው ይንሸራተታሉ። ከታች እሰሩ፤ ከላይ እሰሩ፤ ማንሻውን ገልብጡ። ከዚያ ምላጩን በጥፍራችሁ እንደ ክራር ክር ምቱት። ጥርት ያለ ቀጭን ድምፅ ከሰጠ ተወጥሯል። ድፍን ድምፅ ከሆነ ጨምሩ። በጣት ከጎን ሲገፋ ከ3 ሚሊሜትር በላይ መለመጥ የለበትም። ላላ ያለ ምላጭ ወፍራም እንጨት ውስጥ ሆዱ ይነፋል፤ ላይ ላዩን ልክ የቆረጣችሁት ቅርጽ ከሥር ሌላ ሆኖ ይገኛል።

ምላጭ ሲደንዝ አይደበቅም። መግፋት ትጀምራላችሁ፤ ጎኑ ይጠቁራል፤ መስመር ይስታል። ያኔ ጣሉት። ምላጭ አላቂ ዕቃ ነው። የኮምፔንሳቶ ኮላ ቶሎ ያደነዝዘዋል፤ ስለዚህ በደርዘን ግዙ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ወደ ላይ የዞሩ ጥርሶች ያሏቸውን 1፣ 3፣ 5 እና 7 ይዛችሁ ግቡ፤ ሌላውን ሥራው ራሱ ይነግራችኋል።

እንጨት፣ ባጭሩ

ቀዳዳ ለበዛበት ሥራ ኮምፔንሳቶ ይመረጣል። በቀዳዳዎቹ መካከል የሚቀሩት ቀጫጭን ድልድዮች ወጥ ጣውላ ላይ ቃጫውን አቋርጠው ሲቀሩ ቀጭ ይላሉ። ኮምፔንሳቶ ላይ ንብርብሩ ተሻግሮ ስለተጣበቀ ይይዛቸዋል። ከበርች የተሠራውና ውስጡ ክፍተት የሌለበት ዓይነት ከሁሉ ይሻላል። ኤምዲኤፍ (የላመ እንጨት በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) ቃጫ የለውም፤ በጸጥታ ይቆረጣል፤ ብናኙ ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ ጠርዙም ቅብ እንደ ጉድ ይጠጣል።

ቀዳዳ ለሌለበት ወይም ለጥቂት ቀዳዳ ወጥ እንጨት ውበቱ ሌላ ነው። ባስውድና ፖፕላር ለስላሳ ናቸው፤ ለመማሪያ ይሆናሉ። ጥድ ርካሽ ቢሆንም ለስላሳና ጠንካራ መስመሩ ስለሚፈራረቅ ምላጩን ያንቀዋልላል፤ ሙጫውም ያጨናንቀዋል። ዋልነት ሲቆረጥ ደስ ይላል። ሜፕልና ቼሪ ቶሎ ይቃጠላሉ። እነሱ ላይ ንድፉን ከለጠፋችሁ በኋላ ከላይ ግልጽ የማሸጊያ ፕላስተር ደርቡበት፤ ቃጠሎው በግልጽ ይቀንሳል። ከንድፉ ሥር ደግሞ ማስኪንግ ቴፕ ካደረጋችሁ ሲያልቅ በአንድ ሳብ ይነሳል፤ የኮላ ቅሪት ስትፍቁ አትውሉም።

ቅቡ

አሁንም ወደ ቀዳዳው። ብሩሽ ለዝርግ ገጽ የተሠራ ነው። የተፈለፈለ ሥራ ላይ ብሩሽ ስታስኬዱ ቅቡ በየቀዳዳው አፍ ይጠራቀማል፤ ወደ ኋላ ይወርዳል፤ ማዕዘኑ ላይ እንባ ሆኖ ይደርቃል። የቀዳዳው ውስጠኛ ጎን ደግሞ ደረቅ ይቀራል። ስለዚህ ቀዳዳ ለበዛበት ሥራ ሁለት መንገድ ብቻ ነው የማየው፦ መንከር ወይም መርጨት።

ለመንከር የሚሆነው ዘይት ነው። የተቀቀለ የተልባ ዘይት በዋይት ስፒሪት ግማሽ በግማሽ ቀጥኖ፣ ወይም ዳኒሽ ኦይል እንዳለ። ዝርግ ትሪ ላይ ሥራችሁን የሚሸፍን ያህል አፍስሱ። ዕቃውን አስተኙት። አንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ በአንድ ማዕዘኑ አንስታችሁ ትሪው ላይ አንጠባጥቡት። ከዚያ በእያንዳንዱ ቀዳዳ አየር ንፉበት፤ የተጠራቀመው ዘይት በሌላው በኩል ብቅ ይላል። በጨርቅ ጥረጉ። አልጨረሳችሁም። ከ15 እና 20 ደቂቃ በኋላ ተመልሳችሁ እዩት፤ በየጠርዙ ጥቃቅን የዘይት ነጠብጣብ ወጥቶ ታገኙታላችሁ። እንጨቱ የጠጣውን መልሶ እየተፋ ነው። እንደገና ጥረጉ፤ ካስፈለገም ደግማችሁ። ካልጠረጋችሁት እነዚያ ነጠብጣቦች የሚያብረቀርቁ ጉብታዎች ሆነው ይደርቃሉ።

ከሁለቱ የትኛው? የተልባ ዘይት ርካሽ ነው፤ የእንጨቱን መልክ ሞቅ ያደርጋል፤ መከላከያነቱ ግን ደካማ ነው። ዳኒሽ ኦይል ዘይትና ቫርኒሽ የተቀላቀለበት ስለሆነ ትንሽ ጠንክሮ ይደርቃል። እኔ ወደ ዳኒሽ ኦይል አደላለሁ። የታንግ ዘይት ውሃን በደንብ ይችላል፤ ንጹሑ ለመድረቅ ግን ትዕግሥት ይፈታተናል። ሁሉም ነጭ እንጨትን ወደ ቢጫ ይወስዳሉ። ነጭነቱ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ዘይትን ተዉት፤ ውሃ መሠረት ያለው ወይም አክሪሊክ ስፕሬይ ይሻላል።

መርጨት ፈጣን ነው። ላከር በደቂቃዎች ይደርቃል፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ቀጫጭን ሽፋን ይገባለታል። ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ርቃችሁ፣ ቀጥ ብላችሁ ሳይሆን ጋደም አድርጋችሁ፣ ከአራቱም አቅጣጫ እርጩ። የቀዳዳው ውስጠኛ ጎን የሚደረሰው እንዲህ ነው። አየር የሚገባበት ቦታ፣ ከእሳት የራቀ፣ ለትነት የሚሆን ጭንብል ያስፈልጋል፤ የብናኙ ጭንብል ለዚህ አይሠራም።

ሼላክ ብዙ ሰው ይረሳዋል። አልኮል ውስጥ የሚሟማ ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ነው። ቶሎ ይደርቃል። በላዩ ሲደገም ከታችኛው ጋር ይዋሃዳል፤ ስለዚህ ለመጠገን እንደሱ ያለ የለም። ሙቀትና አልኮል ያበላሹታል፤ ለብርጭቆ ማስቀመጫ አይሆንም። ሰሙ የወጣለት ዓይነት ደግሞ አስታራቂ ነው። ዘይት የተነከረ ሥራ ላይ ውሃ መሠረት ያለው ቅብ መደረብ ብትፈልጉ ዘይቱ ሲደርቅ አንድ እጅ ሼላክ መሃል አስገቡ።

ፖሊዩሪቴን ጠንካራ ነው። ዝርግና ቀዳዳ የሌለው ነገር ላይ፣ ለምሳሌ ሳህን ወይም ትሪ ላይ፣ ብሩሽ ይዛችሁ ልትሄዱበት ትችላላችሁ። ዘይት መሠረት ያለው ቢጫ ያደርጋል፤ በየሽፋኑ መካከልም ረጅም ሰዓት ይፈልጋል። ውሃ መሠረት ያለው ነጣ ብሎ ይቆያል፤ ቶሎ ይደርቃል፤ የእንጨቱን ቃጫ ግን ያስነሳል። ከመጀመሪያው ሽፋን በኋላ በ320 ብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርጋችሁ እለፉ።

ለየት ያሉ ሥራዎች አሉ። ፐዝል ላይ ወፍራም ቅብ ጠላት ነው። ምላጩ የተወው ክፍተት የሚሊሜትር ክፋይ ስለሆነ ሁለቱም ጎን ሽፋን ሲይዝ ቁርጥራጮቹ አልገጥም ይላሉ። ቀጭን ሼላክ ወይም ሰም ይበቃል። ቀለማቸው የተለያየ እንጨቶችን ገጣጥሞ ሥዕል የሚሠራ ሰው እያንዳንዱን ቁራጭ ከማጣበቁ በፊት ለየብቻ ይቀባ። ኮላ የሚነካውን ጀርባ ግን ባዶ ይተው፤ ቅብ ላይ የእንጨት ኮላ አይዝም። እንደ ፓዱክ ያለ ቀይ እንጨት ካለበት ደግሞ ከነጮቹ ጋር አብራችሁ አትፈትጉት፤ ቀዩ ብናኝ የነጩ ቃጫ ውስጥ ገብቶ አይወጣም።

ሕፃን አፉ ውስጥ የሚያስገባው መጫወቻ ላይ ሚነራል ኦይልና የንብ ሰም ቀልጦ የተቀላቀለበት ወይም ሼላክ ይሁን። የተቀቀለ የተልባ ዘይት ለዚህ አይመረጥም፤ ቶሎ እንዲደርቅ የብረት ውሁዶች የሚጨመሩበት ነውና። ሌላ ቅብ ከተጠቀማችሁ ሲነካ መድረቁ አይበቃም፤ ውስጡ ድረስ እስኪጠነክር ጠብቁ። ለዘይት መሠረት ፖሊዩሪቴን ይህ አንድ ወር ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው ስለ ጨርቁ ነው። የሚደርቅ ዘይት ከአየር ጋር ሲዋሃድ ይሞቃል። ጨርቁ ተጨብጦ ጥግ ላይ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ክብሪት ሳይጫር ራሱ ይነዳል። ስለዚህ የተልባ፣ የታንግ ወይም የዳኒሽ ኦይል የነካውን ጨርቅ ውጭ አውጥታችሁ አንድ ነጠላ አድርጋችሁ ዘርጉት፤ ደርቆ ሲገተር ይጣላል። የሚዘረጋበት ቦታ ከሌለ ክዳን ባለው የቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ ውሃ ሞልታችሁ ንከሩት። ሚነራል ኦይል ስለማይደርቅ የእሱ ጨርቅ እንዲህ አያሰጋም።